ኖተር ዴም፦ ለ45 ዓመታት ‘ቦውል’ አልጫወትም ያለው ቡድን ዛሬስ ለምን እምቢ አለ?

ዲሴምበር 7/2025 የኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አጭር መግለጫ አወጣ። ቡድኑ በመደበኛው የውድድር ዘመን ካደረጋቸው 12 ጨዋታዎች አሥሩን አሸንፏል። በሁለቱ የተሸነፈውም በድምሩ በአራት ነጥብ ልዩነት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ለብሔራዊው ዋንጫ ከሚፋለሙት 12 ቡድኖች አንዱ እንዲሆን አልተመረጠም።

እንዲህ ያለ ዕጣ ለሚገጥማቸው ቡድኖች የቆየ ማጽናኛ አለ። ይህም ‘ቦውል’ በሚባል የዓመት መዝጊያ ጨዋታ ላይ በክብር መጋበዝ ነው። ኖተር ዴም ግን ከዚህም ራሱን ማግለሉን አስታወቀ።

ውሳኔውን ኩርፊያ ያሉት ነበሩ፤ ክብርን ማስጠበቅ ነው ያሉትም አልጠፉም። የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ ለሚያውቁ ግን እምቢታው ሌላ ነገር የሚያስታውስ ነበር። ይኸው ቡድን ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት በመጀመሪያው የቦውል ጨዋታው ድል ከተቀዳጀ በኋላ ለ45 ዓመታት ወደዚህ መድረክ አልተመለሰም። ያን ጊዜ የቀረበው ምክንያት ትምህርት ነበር። የአሁኑ ምክንያት ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። በሁለቱ እምቢታዎች መካከል ያለው ታሪክ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ያሳያል።

‘ቦውል’ ምንድን ነው?

የአሜሪካ ፉትቦል አብዛኛው ዓለም እግር ኳስ ብሎ ከሚጠራው ጨዋታ የተለየ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። እንቁላል መሳይ ቅርጽ ያላትን ኳስ በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ወይም ለጓደኛቸው እየወረወሩ ወደ ተጋጣሚያቸው ክልል ይገፋሉ። ኳሷን የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ያሳለፈ ቡድን ‘ተችዳውን’ የተባለውን ስድስት ነጥብ ያገኛል።

የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች መደበኛ ውድድር ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር መገባደጃ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ በዲሴምበርና በጃንዋሪ የሚደረጉት ጨዋታዎች ናቸው ‘ቦውል’ የሚባሉት።

የስያሜው መነሻ በካሊፎርኒያ የምትገኘው ፓሳዲና ከተማ ናት። በዚያ ከ1890 ጀምሮ በአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት ዕለት የአበባ ትርዒት ይካሄዳል። ዓላማው የአየር ንብረቷን ማስተዋወቅ ነበር፤ የሰሜኑና የምሥራቁ ግዛቶች በበረዶ በተሸፈኑበት ወቅት በፓሳዲና አበባ እንደሚፈካ ለማሳየት። በ1902 አዘጋጆቹ ትርዒቱን ለማድመቅ ሚሺጋንና ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎችን አጋጠሙ። ሚሺጋን 49 ለ 0 አሸነፈ። ጨዋታው የአንድ ወገን ብቻ በመሆኑ አዘጋጆቹ ፉትቦልን ትተው ለዓመታት እንደ ሠረገላ ግልቢያ ያሉ ትዕይንቶችን አቀረቡ። ፉትቦል የተመለሰው በ1916 ነው።

በ1922 ለዚሁ ጨዋታ ትልቅ ስታዲየም ተገነባ። ቅርጹ ጎድጓዳ ሳህን ስለሚመስል ‘ሮዝ ቦውል’ ተባለ፤ ‘ቦውል’ በእንግሊዝኛ ጎድጓዳ ሳህን ማለት ነውና። በ1930ዎቹ ሌሎች ሞቃታማ ከተሞችም ይህንኑ ተከተሉ። ማያሚ ‘ኦሬንጅ ቦውል’ን፣ ኒው ኦርሊንስ ‘ሹገር ቦውል’ን፣ ዳላስ ደግሞ ‘ኮተን ቦውል’ን አቋቋሙ። ብርቱካን፣ ስኳርና ጥጥ የየአካባቢው ምርቶች ናቸው። ዛሬ የቦውል ጨዋታዎች ቁጥር ወደ 40 ይጠጋል፤ ብዙዎቹም የሚጠሩት በአስተዋዋቂ ድርጅቶችና በሸቀጦች ስም ነው።

አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ቦውል ከመነሻው የዋንጫ ውድድር አልነበረም። ከተሞች በክረምት እንግዳ ለመሳብ የሚያዘጋጁት፣ ቡድኖችም በግብዣ የሚመጡበት ድግስ ነበር።

አራቱ ፈረሰኞች

ኖተር ዴም በኢንዲያና ግዛት ሳውዝ ቤንድ ከተማ አጠገብ በ1842 የተመሠረተ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ ‘እመቤታችን’ ማለት ነው። በ1920ዎቹ በአሜሪካ ካቶሊክ መሆን ቀላል አልነበረም። በሜይ 1924 የነጭ የበላይነት አቀንቃኙ ኩ ክለክስ ክላን በሳውዝ ቤንድ ለሰልፍ በተሰባሰበበት ወቅት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከአባላቱ ጋር ተጋጭተዋል። በዚህ ዘመን ለአየርላንድ፣ ለጣሊያንና ለፖላንድ ስደተኛ ቤተሰቦች የኖተር ዴም ቡድን ከስፖርት በላይ ነበር። በሚንቃቸው አገር ቀና ብለው የሚሄዱበት ምክንያት ነበር።

በዚያው ዓመት በአሠልጣኝ ኑት ሮክኒ የሚመራው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዘመኑን አጠናቀቀ። ከኋላ መስመር የሚሰለፉትን አራት ተጫዋቾች ጋዜጠኛው ግራንትላንድ ራይስ ከዮሐንስ ራእይ በተወሰደ ምስል ‘አራቱ ፈረሰኞች’ ብሎ ሰይሟቸው ስለነበር ስማቸው በመላ አገሪቱ ናኝቶ ነበር።

ቡድኑ በባቡር በደቡባዊ ግዛቶች በኩል አገሪቱን አቋርጦ ፓሳዲና ገባ። ጃንዋሪ 1/1925 ከስታንፎርድ ጋር ተጋጥሞም 27 ለ 10 አሸነፈ። ከአራቱ ፈረሰኞች አንዱ የሆነው ኤልመር ሌይደን ሦስት ተችዳውን አስቆጠረ። ከእነዚህ ሁለቱን ያገኘው የስታንፎርድ ተጫዋቾች የወረወሯቸውን ኳሶች በመሀል ነጥቆ ሜዳውን በማቋረጥ ነበር። ኖተር ዴም የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ።

ከድሉ በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲው በሩን ዘጋ። ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረግ ጨዋታ የፉትቦልን ዘመን ያለ ልክ ያራዝማል፤ ተማሪዎችንም ከትምህርት ገበታቸው ያርቃል ተባለ። የባቡሩ ጉዞ ብቻ ሳምንታት የሚወስድ መሆኑን ላሰበ ስጋቱ መሠረት ነበረው።

ያለ ቦውል ሰባት ዋንጫ

የእምቢታው ዘመን ለቡድኑ የውድቀት ዘመን አልነበረም። ኖተር ዴም ከሚቆጥራቸው 11 ብሔራዊ ሻምፒዮንነቶች ሰባቱን ያገኘው አንድም ቦውል ባልተጫወተባቸው በእነዚህ ዓመታት ነው። እነዚህም የ1929፣ የ1930፣ የ1943፣ የ1946፣ የ1947፣ የ1949 እና የ1966 ናቸው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ሻምፒዮኑ በሚመረጥበት መንገድ ላይ ነው። በዚያን ዘመን የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም። ከ1936 ጀምሮ የአሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ጋዜጠኞች በድምፅ የደረጃ ሰንጠረዥ ያወጡ ነበር። የመጨረሻውን ድምፅ የሚሰጡትም በአብዛኛው የቦውል ጨዋታዎች ከመደረጋቸው በፊት ነበር። ስለዚህ ቦውል ቢያሸንፉትም ቢሸነፉትም ሻምፒዮንነቱን አይለውጠውም። ትምህርትን ማስቀደም ለዩኒቨርሲቲው ክብር ሰጠው እንጂ ዋንጫ አላሳጣውም።

ሁኔታው የተቀየረው በ1968 ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የአሶሺየትድ ፕሬስ የመጨረሻ ድምፅ ከቦውል ጨዋታዎች በኋላ መሰጠት ጀመረ። ከዚህ ወዲያ ቤቱ የተቀመጠ ቡድን ተቀናቃኞቹ ትልልቅ ቡድኖችን አሸንፈው ሲያልፉት መመልከት ግድ ይለዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1969 መገባደጃ፣ ኖተር ዴም የቆየ ደንቡን አነሣ።

ውሳኔው የተላለፈው ዩኒቨርሲቲውን ለረጅም ዓመታት በፕሬዝዳንትነት በመሩት በአባ ቴዎዶር ሄስበርግ ዘመን ነው። አባ ሄስበርግ በወቅቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ሊቀመንበርም ነበሩ። ከቦውል የሚገኘው ገቢ ለጥቁርና ለሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል እንዲሁም ለአካዳሚክ ሥራዎች እንደሚውል ተገለጸ። በትምህርት ስም የተዘጋው በር በትምህርት ስም ተከፈተ ማለት ነው።

ጃንዋሪ 1/1970 በዳላሱ ኮተን ቦውል የገጠሙት በደረጃው አናት ላይ የነበረውን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲን ነበር። ያ የቴክሳስ ቡድን አንድም ጥቁር ተጫዋች ሳይኖረው ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነ የመጨረሻው ቡድን ሆኖ በታሪክ ተመዝግቧል። ኖተር ዴም እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቢመራም 21 ለ 17 ተሸነፈ። በዓመቱ በዚያው ሜዳ ተገናኝተው ግን 24 ለ 11 በማሸነፍ የቴክሳስን 30 ተከታታይ ድሎች ገታ።

የድል ዓመታት

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት አሥርት ዓመታት በአሜሪካ ፉትቦል ወዳጆች ዘንድ ዛሬም የሚተረኩ ጨዋታዎችን አፍርተዋል።

ዲሴምበር 31/1973 በኒው ኦርሊንስ ሹገር ቦውል ኖተር ዴምና አላባማ ሁለቱም ሽንፈት ሳይቀምሱ ተገናኙ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኖተር ዴም 24 ለ 23 ይመራ ነበር፤ ኳሱ ግን ከራሱ መስመር አፋፍ ላይ ነበር። የቡድኑ ኳስ አቀባይ ቶም ክሌመንትስ በጥንቃቄ ከመጫወት ይልቅ ከገዛ ክልሉ ውስጥ ሆኖ ረጅም ኳስ ወረወረ። ሮቢን ዌበር ቀለባት፤ ጨዋታው በዚያ አበቃ፤ ኖተር ዴምም ሻምፒዮን ሆነ።

በዚያው ዓመት ግን አላባማም ‘ሻምፒዮን’ ነበር። ዩናይትድ ፕሬስ ኢንተርናሽናል የተባለው ሌላው የዜና ወኪል የአሠልጣኞችን ድምፅ ያሰባሰበው ከቦውል በፊት በመሆኑ ዘውዱን ለአላባማ አስቀድሞ ሰጥቶ ነበር። ተሸናፊው ዘውዱን እንደ ደፋ መቅረቱ ብዙ ስላነጋገረ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ይህም ድምፅ ከቦውል በኋላ እንዲሆን ተደረገ። ድግስ የነበረው ጨዋታ ቀስ በቀስ ፍርድ የሚሰጥበት ችሎት ሆነ።

በጃንዋሪ 1978 ኖተር ዴም አንደኛ ደረጃ ላይ የነበረውን ቴክሳስን 38 ለ 10 አሸንፎ ከአምስተኛ ደረጃ በቀጥታ ወደ ሻምፒዮንነት ተሸጋገረ። በዓመቱ ደግሞ በረዶ ባደረቃት ዳላስ የሂውስተን ዩኒቨርሲቲን ገጠመ። ኋላ ላይ የዓለም ታዋቂ የሆነው ጆ ሞንታና በብርድ ሰውነቱ ቀዝቅዞ በመልበሻ ክፍል የዶሮ ሾርባ እየጠጣ እንዲሞቅ ተደረገ። ሲመለስ ቡድኑ 34 ለ 12 ተመርቶ ነበር። ኖተር ዴም የጨዋታው ሰዓት ባለቀበት ቅጽበት ባገኘው ተችዳውንና በተጨማሪው ነጥብ 35 ለ 34 አሸነፈ። ጨዋታው እስከ ዛሬ የሚጠራው በሾርባው ስም ነው።

በጃንዋሪ 1989 በአሠልጣኝ ሉ ሆልትዝ የሚመራው ቡድን በፊየስታ ቦውል ዌስት ቨርጂኒያን 34 ለ 21 ረትቶ 12 ጨዋታዎችን ያለ ሽንፈት አጠናቀቀ። ይህ የኖተር ዴም የመጨረሻ ብሔራዊ ሻምፒዮንነት ነው።

ከጃንዋሪ 1994ቱ የኮተን ቦውል ድል በኋላ ድርቅ ተከተለ። ቡድኑ በተከታታይ ዘጠኝ የቦውል ጨዋታዎችን ተሸነፈ፤ ድል የቀናው በዲሴምበር 2008 በሃዋይ ነው። በጃንዋሪ 2013 ለፍጻሜ ቢደርስም በአላባማ 42 ለ 14 ተረታ። የሚብሰው ግን በኋላ የመጣው ነው። የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር፣ አንዳንድ ተጫዋቾች በትምህርታቸው የማይገባ እርዳታ አግኝተዋል በሚል የ2012 እና የ2013 የውድድር ዘመን ድሎች እንዲሰረዙ በ2016 ወሰነ። በ1925 ስለ ትምህርት ሲል ቦውልን የተወ ዩኒቨርሲቲ ድሎቹን ያጣው በትምህርት ጉዳይ መሆኑ ብዙዎችን አሳዝኗል።

የአንድ ጉልበት ዋጋ

በቦውል ላይ ያለውን አመለካከት ከቀየሩ ክስተቶች አንዱ የደረሰው በኖተር ዴም ተጫዋች ላይ ነው።

ጃንዋሪ 1/2016 በአሪዞና በተደረገው ፊየስታ ቦውል ኖተር ዴም ኦሃዮ ስቴትን ገጠመ። ጨዋታው ከዋንጫው ፉክክር ውጭ ነበር። በኖተር ዴም የመከላከል ክፍል ውስጥ የነበረው ጄይለን ስሚዝ በወራት ውስጥ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ሲያልፍ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ እንደሚሆን ይጠበቅ ነበር። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ግራ ጉልበቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ ጅማቶቹ ተበጠሱ፤ ነርቩም ተጎዳ። በምርጫው ዕለት ስሙ የተጠራው 34ኛ ላይ ነው። በደረጃዎቹ መካከል ያለው የክፍያ ልዩነት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነው። ወደ ሜዳ የተመለሰውም አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ካመለጠው በኋላ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለት ዝነኛ ተጫዋቾች፣ የሉዊዚያና ስቴቱ ሊዮናርድ ፎርኔት እና የስታንፎርዱ ክርስቲያን ማካፍሪ፣ የወደፊት ሕይወታቸውን ለመጠበቅ ሲሉ በቦውል እንደማይሰለፉ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ይህ የተለመደ ሆኗል። ጥያቄው ግልጽ ነው። ጨዋታው ለከተማው እንግዳ፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ተመልካች፣ ለዩኒቨርሲቲው ገቢ ያስገኛል። ለተጫዋቹስ? በወቅቱ ተጫዋቾች ከነፃ ትምህርትና ከኑሮ ወጪ ድጎማ ሌላ ደመወዝ አልነበራቸውም።

ገንዘቡ እና የምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች

ከ2024 ጀምሮ 12 ቡድኖች የሚሳተፉበት የጥሎ ማለፍ ውድድር ተጀምሯል። ስድስቱ ትልልቅ ቦውሎች የሩብ ፍጻሜና የግማሽ ፍጻሜ መድረክ ሆነዋል። የቀሩት ቦውሎች ከዋንጫው ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም።

ኖተር ዴም በመጀመሪያው ዓመት እስከ ፍጻሜ ተጓዘ። ኢንዲያናን በሜዳው 27 ለ 17 ካሸነፈ በኋላ በሹገር ቦውል ጆርጂያን 23 ለ 10 ረታ። ያ ጨዋታ በአንድ ቀን የተራዘመው በአዲስ ዓመት ሌሊት በኒው ኦርሊንስ ጎዳና በሕዝብ ላይ በተፈጸመ የተሽከርካሪ ጥቃት 14 ሰዎች በመገደላቸው ነበር። በኦሬንጅ ቦውል ፔን ስቴትን 27 ለ 24 ሲያሸንፍ ማርከስ ፍሪማን ለፍጻሜው የደረሰ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ጃንዋሪ 20/2025 በአትላንታ በተደረገው ፍጻሜ ግን ኦሃዮ ስቴት 34 ለ 23 አሸነፈ።

ይህ ጉዞ ለዩኒቨርሲቲው 20 ሚሊዮን ዶላር አስገኝቷል። ሌሎች ቡድኖች ገቢያቸውን ከሊጋቸው አባላት ጋር ሲካፈሉ ኖተር ዴም በፉትቦል የየትኛውም ሊግ አባል ስላልሆነ ሙሉውን ይወስዳል።

ገንዘቡ ከአሜሪካ ድንበር የሚሻገር ትርጉምም አለው። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተኛው የስፖርት ገቢ የሚመጣው ከፉትቦል ሲሆን፣ እንደ አትሌቲክስ ያሉ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ስፖርቶች የሚደገፉትም ከዚሁ ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች የተሰጡ የነፃ ትምህርት ዕድሎች የዚህ ሥርዓት አካል ናቸው። በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረው ኬንያዊ ሄንሪ ሮኖ የዋሺንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ 17 ብሔራዊ የኮሌጅ ድሎችን የተቀዳጀው ኤድዋርድ ቼሴሬክም ኬንያዊ ነው።

በጁን 2025 አንድ የፌዴራል ዳኛ ባጸደቁት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል እንዲችሉ ተፈቅዷል። ለፉትቦል ተጫዋቾች ይህ የዘገየ ፍትሕ ነው። ለሌሎቹ ስፖርቶች ግን አዲሱ ወጪ ከየት ይሸፈናል የሚል ስጋት ይዞ መጥቷል።

ሁለቱ እምቢታዎች

የ1925ቱ እምቢታ መነሻ ጨዋታው ከሚገባው በላይ ገዝፏል የሚል ፍርሃት ነበር፤ ተማሪው ተጫዋች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። የ2025ቱ እምቢታ መነሻ ደግሞ ጨዋታው አንሷል የሚል ስሜት ነው፤ ዋንጫ የማያስገኝ ቦውል የተጫዋቾችን ጉልበትና ጊዜ አይመጥንም ከሚል። በዚያው ሰሞን አይዋ ስቴት እና ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎችም ከቦውል ራሳቸውን ሲያገልሉ ሊጋቸው እያንዳንዳቸውን 500 ሺህ ዶላር ቀጥቷቸዋል። ኖተር ዴምን የሚቀጣ ሊግ የለም።

በዚህ ውሳኔ የሚከፋቸው አሉ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ፉትቦልን ሙያ የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው። ለአብዛኛው ተጫዋች፣ በተለይ ለመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ቦውል የመጨረሻ ጨዋታው ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰለፍበት፣ ቤተሰቡም ከሩቅ መጥቶ የሚያየው። ዋንጫ ባይኖረውም ለእርሱ ትርጉም አለው። የከዋክብቱ ጉልበት ዋጋ እንዳለው ሁሉ የእነዚህኞቹ ትዝታም ዋጋ አለው፤ ይህን የሚተምን ግን የለም።

ኖተር ዴም በ1925 በሩን ሲዘጋ ማንን ለመጠበቅ እንደሆነ በግልጽ ተናግሮ ነበር። በ1969 ሲከፍተውም ገንዘቡ ማንን እንደሚጠቅም ተናግሯል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለተጫዋቾቻቸው ይከፍላሉ፤ ተጫዋቾቹም ከቡድን ወደ ቡድን ይዘዋወራሉ፤ ሻምፒዮኑም በድምፅ ሳይሆን በሜዳ ይለያል። የቀረው ጥያቄ ያው የጥንቱ ነው፤ ዓመቱን የሚዘጋው ጨዋታ የሚደረገው ለማን ነው?